ለጋ ሸርጣንና እንቅልፍ ያጡ ሰዎች

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ ላይ ለምግብ ዝግጅት ሠልጣኞች ያደረግኩት ንግግር ነው። ልጆቹ በስልክ ቀድተውት ነበር። ብዙም ሳልነካካው ጽፌዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ! አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? እሰይ፣ እንደሱ ነው። የድሬ ልጅ ድምፁን ቆጥቦ አያውቅም።

አስተማሪዎች፣ ወላጆች፣ ሥራ ትታችሁ የመጣችሁ የሆቴል ሰዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይሄን ማራገቢያ ወደኔ ያዞርክልኝ ልጅ፣ አንተን ደግሞ ለብቻህ አመሰግናለሁ። በዚህ ሙቀት ማራገቢያውን ለሰው የሚያዞር ልጅ ይባረካል።

ስለ ምን ልታወራ ነው እየተባባላችሁ ነበር አሉ። ስለ ዶሮ ወጥ? አይደለም። ዶሮ ወጥ እናቶቻችሁ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሸርጣን ነው።

አያችሁ፣ ፊታችሁ ተቀየረ!

ሸርጣን ስል መጀመሪያ ምን መጣላችሁ? ኮከብ ቆጠራ፣ አይደል? ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን። እኛ አገር ብዙ ሰው ሸርጣንን የሚያውቀው ከኮከብ ነው። እናቴ ልጅ ሲያስቸግራት «ኮከቡ ሸርጣን ነው፣ ምን ይደረግ» ትል ነበር። እንስሳውን ግን አንድ ቀን እንኳ በዓይኗ አላየችውም። እኔም ጅቡቲ እስክሄድ ድረስ አላየሁትም።

ታዲያ ለምን እሱን መረጥሽ ብትሉኝ፣ ከናንተ ግማሹ ነገ ጅቡቲ ነው። ሌላው ዱባይ፣ ሌላው ዶሃ። የትልልቅ ሆቴሎች ሜኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ሼፉ ይሄን ጥበሺ ይልሻል። አይተሽው የማታውቂውን ነገር እንዴት ትጠብሺዋለሽ? እኔ የደረሰብኝ ይሄ ነው።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ እንስሳው። ሁለተኛ ሰዓቱ። ሦስተኛ መጥበሻው። ከመንገድ መውጣቴ አይቀርም፤ ስወጣ መልሱኝ።

ፈረንጆቹ «ቅርፊቱ ለስላሳ የሆነ ሸርጣን» ይሉታል። እኔ ለስላሳ ማለት አልወድም። እኛ ዘንድ ለስላሳ በጠርሙስ የሚመጣ፣ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ነው። እኔ ለጋ ነው የምለው። ለጋ ቅቤ እንላለን። ለጋ በቆሎ እንላለን። ለጋ የሆነ ነገር ጊዜው አጭር ነው። ዛሬ ለጋ ነው፤ ነገ አይደለም። ይሄን ቃል ያዙልኝ።

እሺ፣ እንስሳው።

ለጋ ሸርጣን የሚባል የተለየ ዝርያ ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የለም! ያው ደረቁ፣ ጉጠታሙ፣ ሲነኩት የሚቆነጥጠው ሸርጣን ነው። የኛ አጥንት ከውስጥ ነው፤ የሱ ከውጭ። ሥጋው ሲያድግ ቅርፊቱ አብሮት አያድግም። ልጅ ሲያድግ ጫማው እንደሚጠበው ማለት ነው። የጠበበ ጫማ ምን ይደረጋል? ይወልቃል። ሸርጣንም ያወልቃል። አንድ ጊዜ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በሕይወቱ ወደ 20 ጊዜ ገደማ።

ከማውለቁ በፊት ከሥር አዲሱን ልብስ ያዘጋጃል። አዲሱ ቀጭን ነው፣ ስስ ነው፣ እንደ እርጥብ ቆዳ ይለጠጣል። አሮጌውን እንዳወለቀ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። በአንድ ጊዜ ሲሶ ያህል ይጨምራል። ከዚያ ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየሳበ ልብሱን ያደነድናል። በግማሽ ቀን ውስጥ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ይሆናል። በሁለት ሦስት ቀን ተመልሶ ድንጋይ።

ገባችሁ? ሙሉውን፣ ከነቅርፊቱ፣ ከነእግሩ ኮረሸም አድርጋችሁ የምትበሉት በዚያች መሐል ላይ ባለች ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ደረቅ ነው። ከዚያ በኋላም ደረቅ ነው።

ይሄን በዓይኔ ያየሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ቼሳፒክ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ እስከ ጅቡቲ ያለውን የባቡር መንገድ ያህል ማለት ነው። ሐበሻ ከሞላበት ከዋሽንግተን ብዙም አይርቅም። ግን ሐበሻው ከተማ ውስጥ ነው። ወደ ባሕሩ የወረደ ሐበሻ በኔ ጊዜ እኔ ብቻ ነበርኩ ብል አልዋሸሁም፤ ሌላ አላጋጠመኝም።

እዚያ ያለው ሰማያዊ ሸርጣን ይባላል። ጉጠቱ ሰማያዊ ነው። የሴቷ ጫፉ ቀይ ነው፣ ጥፍሯን የተቀባች ትመስላለች። እ.ኤ.አ. በ1896 ሜሪ ራትቡን የምትባል ሳይንቲስት የሳይንስ ስም አወጣችለት። ካሊኔክቴስ ሳፒደስ። ሲፈታ «ጣፋጩ ቆንጆ ዋናተኛ» ማለት ነው። ሳይንቲስት ስም ሲያወጣ ደረቅ ነው ሲባል እሰማለሁ። ይቺ ሴትዮ ግን ሳትቀምሰው የሰየመችው አይመስለኝም።

ሸርጣን ሲያወልቅ መጀመሪያ ያየሁባትን ሌሊት ልንገራችሁ።

ገንዳ አለ። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ውሃው ከወሽመጡ እየተሳበ ይገባል፣ ይወጣል። ከላይ አምፖል ተንጠልጥሏል። ሸርጣኖቹ ውስጥ ተኝተዋል። አንዱ ከኋላው፣ ጀርባውና ሆዱ በሚገናኙበት ላይ፣ ስንጥቅ ብሏል። እንደ ቦርሳ ዚፕ። በስንጥቁ ውስጥ ሌላ ሸርጣን ይታያል! ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚወጣው። ትንሽ ይገፋል፣ ያርፋል። ትንሽ ይገፋል፣ ያርፋል። ጉጠቱ ወፍራም ነው፤ የሚወጣው ግን በጠባቡ የክንዱ መገጣጠሚያ በኩል ነው። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ምጥ ነው የሚመስለው። የዓይኑን ሽፋን እንኳ ይተወዋል። የመተንፈሻውን፣ የጨጓራውን ሽፋን ሳይቀር ያወልቃል።

ሲጨርስ ገንዳው ውስጥ ሁለት ሸርጣን አለ። አንዱ ዓይን፣ እግር፣ ጉጠት፣ ሁሉ አለው፤ አንስታችሁ ስታዩት ባዶ ነው። ሌላው አጠገቡ ተዘርሯል። መቆንጠጥ አይችልም። መሮጥ አይችልም። በመዳፌ አነሳሁት። እንደ ሕፃን ጆሮ ነው የለሰለሰው። የቆነጠጡኝ ሁሉ ትዝ አሉኝና አዘንኩለት። አዝኜም ትሪ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሥራ ነው።

ጓደኞቹ ግን አያዝኑም። ሸርጣን ለጋ ሸርጣን ካገኘ ይበላል። ወንድም ነው፣ እህት ነው አይልም። ስለዚህ ሊያወልቅ የደረሰውን ከሌላው መለየት ግድ ነው።

እንዴት ይለያል? ይሄ ነው ሙያው። የመጨረሻዎቹ ሁለት እግሮቹ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ናቸው። በመቅዘፊያው ጠርዝ፣ ከቅርፊቱ ሥር፣ ክር የምታክል መስመር ትታያለች። ነጭ ከሆነች ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ሮዝ ከሆነች ሳምንት ገደማ። ቀይ ከሆነች ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ነገ። እናንተ ቡና ስትቆሉ ቀለሙን አይታችሁ ከእሳት አታወርዱም? እነሱም እንደሱ ያነባሉ። ሽማግሌዎቹ አንዷን አንስተው፣ ወደ ፀሐይ ገልበጥ አድርገው፣ በሰኮንድ ውስጥ ወደ ገንዳዋ ይወረውሯታል። እኔ መነጽሬን እየጠረግኩ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ወደ ሰዓቱ። ሴቷ የምትጋባው የመጨረሻ ልብሷን ስታወልቅ ነው። ወንዱ ቀድሞ ያውቃል። ቀናት ሲቀሯት ከሥሩ አቅፎ ይዟት ይዞራል። ስታወልቅ ይጠብቃታል። ካወለቀችም በኋላ ቅርፊቷ እስኪጠነክር አቅፏት ይቆያል። ከኋላ የምታጨበጭቡ ሴቶች፣ ምን እንዳሰባችሁ ገብቶኛል! አጥማጆቹም ይሄን ስለሚያውቁ ወጥመዱ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ወንድ ያስገባሉ። ሌላ ምግብ የለ፣ ሌላ ምንም የለ። ሴቶቹ እሱን ብለው ይገባሉ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሰዓቱ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። ሌላውን ብትረሱ ግድ የለም።

እኔ የባቡር ልጅ ነኝ። ለገሃሬ ነው ያደግኩት። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም ከሱ ጋር ነው የተወለደችው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ አንዳንዴ ዓሣ ይይዛል፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ተደርጎበት። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ዓሣውን እንዳይመስላችሁ። ሰዓቱን ነው። ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደዘገየ ያሰላል። ከዚያ ጆንያውን ሳይፈታ ያሸተዋል። ከዚያ ለእናቴ «ዛሬውኑ» ወይም «ተይው» ይላታል። ከሁለት ቃል በላይ አያወጣም። እኔ ኩሽና ውስጥ የተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው፤ ከአባቴ፣ ያውም መጥበሻ ይዞ ከማያውቅ ሰው።

አሁን ደግሞ ስለ አወዳይ ላንሳ። ቆይ፣ ስለ ጫት ጥሩነትና መጥፎነት አይደለም የማወራው! አስተማሪዎች አትደንግጡ። አወዳይ ሌሊቱን ስትነቃ ያያችሁ አላችሁ? የተቆረጠው ጫት ውሃ ይረጭበታል፣ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፣ መኪናው እንደ እብድ ይበራል። ጅቡቲ ለበርጫ ሰዓት መድረስ አለበት። ለምን? ካደረ ማን ይገዛዋል? ጠዋት ወርቅ፣ ማግስቱን ገራባ። የሐረርና የድሬ ሰው ይሄን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ለጋ ሸርጣንም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ጫቱ ሲቆይ ይጠወልጋል፤ ሸርጣኑ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል። ከውሃ ካወጣችሁት ግን መድረቁን ያቆማል። ካልሲየሙን የሚስበው ከውሃው ነዋ! ስለዚህ ያወልቃል፣ ውሃ እስኪጠጣና እስኪነፋ ትንሽ ትጠብቁታላችሁ፣ ወዲያው ታወጡታላችሁ። እርጥብ የባሕር ሣር ላይ ትደረድሩታላችሁ። እርጥብ ወረቀት ታለብሱታላችሁ። ቅዝቃዜ ውስጥ። በሕይወቱ ነው የሚጓዘው። መጀመሪያ ቀን ያንን ትሪ ሳየው ሳቄ መጣ። ኮባ ቅጠሉ ብቻ ነው የቀረው!

ታዲያ መቼ ነው የሚያወልቀው? ሲፈልግ ነው። ቀን፣ ሌሊት፣ እሑድ፣ በዓል። እነሱ «የግንቦት ጨረቃ» የሚሉት አለ። ፈረንጆቹ ግንቦት ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን የመጀመሪያው ትልቅ ማውለቅ ይሆናል ይላሉ። እኛ ልደታን እንደምንጠብቅ እነሱ ያቺን ጨረቃ ይጠብቃሉ። ከዚያ እስከ መስከረም እንቅልፍ የለም። በየሦስት አራት ሰዓቱ ገንዳ ለገንዳ መዞር ነው። አንዱ አውልቋል? አውጣ። አንዱ ሰንጥቋል? ለየው። አንዱ ሞቷል? ጣለው። ክሪስፊልድ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሚዝና ታንጂየር የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ሌሊት ሲኬድ ከቤቱ ይልቅ ገንዳው ላይ ነው መብራት የሚታየው።

እኔ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ነበር የምሠራው። ባለቤቱ ከአንድ ገንዳ ካለው ሰው ሸርጣን ይገዛ ነበር። ሰውዬው ለሌሊት ሠራተኛ ሲፈልግ ሄድኩ፣ የሚከፈለው ይሻል ነበር። ሁለት ክረምት ሠራሁ። አብራኝ አንዲት ሜክሲኳዊት ነበረች። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ ስፓኒሽ አላውቅ። በእጅ ነው የምናወራው።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ እሷ ታመመችና ብቻዬን ቀረሁ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ዞርኩ፣ አወጣሁ፣ ደረደርኩ። ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አምስት ደቂቃ ብቻ ዓይኔን ላሳርፍ አልኩ። እናንተ የምትስቁት ስለሚገባችሁ ነው! ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። ጠዋት 1 ሰዓት።

ወደ ገንዳው ሮጥኩ። ያወለቁት ሞልተዋል። አንዱን ሳነሳው ለጋ አይደለም። ደረቅም አይደለም። ወረቀት። ሌላውን አነሳሁ፣ ወረቀት። ጥጉ ላይ ደግሞ አንዱ ግማሹ ተበልቷል። ቆጠርኩ፣ 23። አሠሪው መጣ። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ አልጮኸም። አንዱን አንስቶ አውራ ጣቱን ጫን አደረገበት። እንደ ካርቶን ድምፅ ሰጠ። ከዚያ የሦስት ቀን ደመወዜን እንደሚቆርጥ ነገረኝ። ቆረጠም። ለ23 ሸርጣን ሦስት ቀን በዝቷል እላለሁ፣ እስከ ዛሬ እላለሁ። ግን ያንን የካርቶን ድምፅ አልረሳሁትም።

ታዲያ መልሳችሁ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ እንደ ደረቅ ሸርጣን ብትሸጡትስ አትሉኝም? እሱም አይሆንም። ገና ያወለቀ ሸርጣን ውስጡ ውሃ ነው። ቅርፊቱን ሥጋ ሞልቶት እስኪገኝ ሳምንታት ይፈጃል። ማንም አይፈልገውም።

ሜክሲኳዊቷ ስትመለስ ነገርኳት፣ በእጄ። ሳቀች። ባለደወል ሰዓቷን አወጣችና ባዶ ድስት ውስጥ ከታ ክዳኑን ግማሽ ከፈተችው። ሲጮህ የሞተ ይነሳል! እስከ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሌላም አገር እንደዚሁ ነው። ቬኒስ አካባቢ፣ ጣሊያን፣ ትናንሽ አረንጓዴ ሸርጣን አለ። ለጋውን ሞኤኬ ይሉታል። በፀደይና በመኸር ነው የሚገኘው። አጥማጆቹ ምልክቱን እያነበቡ በእጅ ይለያሉ። ከነሕይወቱ የተመታ እንቁላል ውስጥ ይነክሩታል፤ እንቁላሉን ይጠጣዋል። ከዚያ ዱቄት ነስንሰው ይጠብሱታል። ከውስጥ እንቁላል ያለው ጥብስ ማለት ነው። እኔ ይሄኛው ይከብደኛል። እነሱ ግን የአያቶቻችን ነው ይላሉ።

ታይላንድና ምያንማር ደግሞ የጭቃ ሸርጣን የሚባለውን ያረባሉ። እያንዳንዱ በራሱ የፕላስቲክ ሳጥን። ሳጥኖቹ ኩሬ ላይ በመደዳ ይንሳፈፋሉ። ሠራተኛው ቀንም ሌሊትም ሳጥን እየከፈተ ያያል። ሁለት ሸርጣን ያለበት ሳጥን ካገኘ አንዱ ባዶ ነው፤ አንዱን ያወጣል። ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ በዓለም ይሰራጫል። ዱባይ የምትሄዱ የምታገኙት ባብዛኛው ይሄንን ነው።

ይሄን እሽግ አያችሁት? ትናንት ከጅቡቲ በባቡር፣ በበረዶ ሳጥን ይዤው መጣሁ። ስድስት ፍሬ ነው። ጽሑፉን አንብበው እስቲ አንተ። ከየት ይላል? ምያንማር! ጅቡቲ ባሕር አለ። ሸርጣንም አለ፤ እኔው ራሴ እዚያ ነው መጀመሪያ ያየሁት። እኔ ገዝቼ ያመጣሁላችሁ ግን ምያንማር ውስጥ አንድ ሰው ሌሊት ተነስቶ ሳጥን ከፍቶ ያወጣውን ነው። ገንዘቡን የከፈልኩት ለሸርጣኑ ይመስላችኋል? ለዚያ ሰውዬ እንቅልፍ ነው። እንደገና ልበለው? ለሸርጣኑ አይደለም። ለእንቅልፉ ነው።

ስንት ደቂቃ ቀረኝ? አሥር? እሺ፣ መጥበሻው። ይሄን ኩሽና ውስጥ ስለምናሳይ ፈጠን ልበል።

መጠኑ ስም አለው። ቼሳፒክ ላይ ከትንሹ ቀጥሎ ያለውን «ሆቴል» ይሉታል። አዎ፣ ሆቴል! ከዚያ ፕራይም፣ ከዚያ ጃምቦ። ትልቁን ዓሣ ነባሪ ነው የሚሉት። ሸርጣን ሆኖ ዓሣ ነባሪ።

ማጽዳቱ በመቀስ ነው። ፊቱን ከዓይኑ ኋላ አንድ ጊዜ ቀጭ። የጀርባውን ሽፋን በግራም በቀኝም ጫፉን አንስታችሁ ከሥር ያለውን ላባ የመሰለ መተንፈሻ ታወጣላችሁ። ያ አይበላም። ትገለብጡትና ሆዱ ላይ ያለችውን እጥፋት ትቆርጣላችሁ። ወንዱ እጥፋቱ ቀጭን ረጅም ነው፤ እዚያ ያሉ ሰዎች የዋሽንግተን ሐውልት ይሉታል። ያልደረሰችው ሴት ሦስት ማዕዘን ናት። የደረሰችው ክብ ናት፤ እሷን የኮንግረሱ ጉልላት ይሏታል። የቀዘቀዘ ከሆነ ማታውኑ ፍሪጅ ውስጥ አስተኙት፣ ይቅለጥ። የፈላ ውሃ አይፈስበትም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። አደራ!

ከዚያ ማድረቅ። በጨርቅ፣ በወረቀት፣ ደጋግማችሁ። ይሄ ጠባሳ ይታያችኋል? ቅርብ ያላችሁ፣ አንጓዬ ላይ። ለጋ ሸርጣን ውስጡ ውሃ አለው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ጉጠቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላና ይፈነዳል። ማንም አልነገረኝም ነበር። እናንተን ነግሬያችኋለሁ። ጉጠቱን በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ ስትጥሉትም ከራሳችሁ ወደ ውጭ አስተኙት።

ዱቄት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። በቅቤ ከሆነ በመካከለኛ እሳት። በዘይት ከሆነ 180 ዲግሪ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ። እዚያ አገር በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሐል ያደርጉታል፣ እግሮቹ በዳር እየወጡ። ጃፓኖች ጠብሰው በሩዝ ይጠቀልሉታል። እኔ አንድ ቀን ዱቄቱ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት፣ ሳላስፈቅድ። ሼፉ ቀምሶ ዝም አለ። በሳምንቱ ሜኑ ላይ ወጣ። የኔ ስም ግን አልወጣም። እናንተ ስማችሁን አስጽፉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሰውነቱ ሸርጣንና ሽሪምፕ የማይቀበል ሰው አለ። ከንፈሩ ያብጣል፣ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ሊሞት ይችላል። የኛ ሰው ደግሞ በልቶት ስለማያውቅ ራሱንም አያውቅም። ሁሌ ጠይቁ። ሸርጣን የጠበሳችሁበት ዘይት ውስጥ ለሌላ ሰው ድንች አትጥበሱ። ሁለተኛ፣ በአገራችን ወንዞችም ሸርጣን አለ። ጎበዝ ነኝ ብላችሁ ከወንዝ ለቅማችሁ ጥሬውን ወይም ለብ አድርጋችሁ እንዳትበሉ። የወንዝ ሸርጣን የሳንባ ትል ሊይዝ ይችላል።

ያቺ ልጅ እጇን ያወጣችው ከቅድም ጀምሮ ነው። በይ። ... «እትዬ፣ እርስዎ ቀምሰውታል?»

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር!

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ውስጥ ካለው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ፣ የሌለውን አትብሉ ይላል። ቅርፊት የተባለው የዓሣውን ነው፣ የሸርጣን ጋሻ አይቆጠርም። እናንተ ሙስሊሞቹ ደግሞ ሐላል ሐራሙን ከኡስታዞቻችሁ ጠይቁ፣ እኔ አልገባበትም። አሜሪካ አንድ የኛ ሰው ምግብ ቤት መጥቶ «ሥጋ አይደለም፣ ወተት የለው፣ ታዲያ የፆም ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ አብሳይ እንጂ ቄስ አይደለሁም አልኩት።

ግን ጥያቄሽ ትክክል ነው። ሳትቀምሺ እንዴት ታበስያለሽ? ዱቄቱን እቀምሳለሁ። ጨውና ሚጥሚጣው እዚያ ነው ያለው። መብሰሉን ደግሞ በጆሮዬ ነው የማውቀው። መጀመሪያ ሲገባ ዘይቱ ይጮሃል፣ ጭው ይላል። ውሃው እየወጣ ሲሄድ ድምፁ ይወርዳል። ዝናብ እያባራ ሲሄድ ቆርቆሮ ላይ እንደሚሰማው። ልክ ሊያባራ ሲል ታወጪዋለሽ። አራት ዓመት እንደዚያ አበሰልኩ። አንድም ሰው ሳህን አልመለሰም።

ከአራት ዓመት በኋላስ? አሃ! እሱን ለንስሐ አባቴ ነው የነገርኩት። ላንቺ አልነግርሽም።

በሉ ዘይቱ ግሏል፣ እየሸተተኝ ነው። ስድስት ፍሬ ብቻ ስለሆነ ተጋፍታችሁ አትግቡ። የማትበሉ እንደኔ በጆሮ ስሙ። መቀሱን ማን ያዘው?